ሁለት ሊትር በደቂቃ

ቁጥር እፈራለሁ። አልወድም ማለቴ አይደለም፤ እፈራለሁ ነው የምለው፣ ሰው የጎረቤት ውሻ እንደሚፈራው። የምሠራው ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው፤ አንድ ፈረንጅ መጥቶ ታክሲዬ በስንት ሰዓት ይመጣል ሲለኝ፣ የኛን ሰዓት ወደ እነሱ ለመቀየር ከዴስኩ ሥር ጣቶቼን እቆጥራለሁ። ስድስት መደመር ነው፣ በቃ። እሷም ላብ ታስወጣኛለች። የሥራ ባልደረቦቼ "የሒሳብ አስተማሪ ልጅ ሆነሽ" እያሉ ይስቁብኛል። ጉዱ እሱ አይደል? እንዲህ የሆንኩት የሒሳብ አስተማሪ ልጅ ስለሆንኩ ነው።

አባቴ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሲያስተምር እኔም ከተማሪዎቹ አንዷ ነበርኩ። ቤት ውስጥ አባዬ ነው፤ የትምህርት ቤቱን በር ካለፍን በኋላ ቲቸር ነው። ማንንም መትቶ አያውቅም። ቢመታ ይሻል ነበር። እሱ የሚያደርገው መጠየቅ ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ጻፈ፤ ከሁለቷ ትከሻ በላይ ትንሽዬ ሦስት አስቀመጠና ጠራኝ። ስድስት ብዬ ጻፍኩ። "እንዴት መጣ?" አለኝ። ሁለት ሲባዛ በሦስት አልኩት። "ትንሿ ቁጥር የምትባዛ አይደለችም" አለ ረጋ ብሎ፤ "ሁለት ስንት ጊዜ ተጠርቶ በራሱ እንደሚባዛ የምትነግርሽ ናት። ጥሪው።" ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ስምንት እስክል ድረስ እዚያው ቆምኩ።

ከዚያ የባሰችው ደግሞ "ምን?" የምትለዋ ነገሩ ናት። መኪናው በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በሁለት ሰዓት ስንት ይሄዳል? እጅሽን ታወጫለሽ፤ መቶ ሃያ ትያለሽ። እሱ ጠመኔውን እንደያዘ ይዞራል። "መቶ ሃያ ምን? ፍየል?" ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። መለኪያው ያልተጠራ ቁጥር እሱ ዘንድ መልስ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ከአፌ ሲወጣ፣ አንድ ሰው ከኋላዬ "ምን?" ሊለኝ የቆመ ይመስለኛል።

አሁን ጡረታ ወጥቷል። "ሳንባዬም አብሮኝ ጡረታ ወጣ" እያለ ይቀልዳል። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እኛ ቂርቆስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። አልጋው አጠገብ በመብራት የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን አለ። መብራት ሲሄድ የምንቀይርበት ሲሊንደር ደግሞ ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል። ከአንዱ ወይ ከሌላው የሚመጣው ቀጭን ቱቦ ቀን ከሌሊት አፍንጫው ውስጥ ነው።

ሐኪሟ ሁለት ትእዛዝ ሰጥታኛለች። አንደኛው፣ በደቂቃ ሁለት ሊትር። ሁለተኛው፣ ጣቱ ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ከሰማንያ ስምንት እንዳታንስ፣ ከዘጠና ሁለት እንዳትበልጥ። እንዳታንስ የሚለው ገባኝ። እንዳትበልጥ የሚለውን ግን አስደገምኳት። "የአባትሽ ሳንባ በትንሽ መኖር ለምዷል" አለችኝ፤ "ሲያንሰው ያፍነዋል። ሲበዛበት ደግሞ የተቃጠለውን አየር ማስወጣት ያቅተውና እንቅልፍ ይወስደዋል። ያ እንቅልፍ ጥሩ እንቅልፍ አይደለም።" ቤት ገብቼ ሁለቱን ቁጥሮች ከነሚያንስና ከነሚበልጥ ምልክታቸው በማርከር ጻፍኩና ከራስጌው ለጠፍኩት። አባዬ ቀና ብሎ አየው። "አፉ ወደ ትልቁ ነው የሚከፈተው" አለኝ። አንዱን ገልብጬው ነበር፤ አስተካከልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ በተኛ ቁጥር እኔ ጣቱ ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ፍርሃቴ ቁጥር ሆኖ ቤቴ ገባ፣ ምን ልበልሽ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ታች መንገዱን የሚቆፍሩት ሰዎች ኬብል ነክተው ነው ተባለ። ማሽኑ ጮኸና ዝም አለ። ሲሊንደሩን ከፈትኩ፣ ቱቦውን ቀየርኩ። አናቱ ላይ ባለችው ብርጭቆ ውስጥ የምትንሳፈፍ ትንሽ ኳስ አለች፤ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወጣ የምታሳየው እሷ ናት። ማዞሪያውን አዙሬ ኳሷን ሁለት ላይ አቆምኳት። ከዚያ ውስጡ የቀረውን የሚያሳየውን ጌጅ ሳየው መርፌው ግማሽ ላይ ነው። ኦክስጅን የሚያመጣልን ሹፌር ጋ ደወልኩ፤ ሙሉውን ሲሊንደር ስምንት ሰዓት አደርስልሻለሁ አለ።

"እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃል?" አልኩት አባቴን። እሱ ቢፈልግ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። ግን ዕድሜ ልኩን ለማንም መልስ ነግሮ አያውቅም። ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ፣ "ስሪው" አለኝ።

የመድኃኒት ካርቶን ቀድጄ ጀርባው ላይ ጀመርኩ። ሲሊንደሩ ላይ አንድ ነጥብ አምስት ሜትር ኪዩብ ይላል፤ ያቺ ትንሽ ሦስት ቁጭ ብላለች። ሳያት የሰባተኛ ክፍል ላቤ ተመለሰ። አንድ ሊትር ማለት በየጎኑ አሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነው። በአንድ ሜትር ላይ እንደዚያ ያለ ሳጥን አሥር ይደረደራል። አሥር ሲባዛ በሦስት ሠላሳ ልል ስል ምላሴን ነከስኩ። ጥሪው። አሥር፣ አሥር፣ አሥር። ሺህ። ሲሊንደሩ ሲሞላ እንግዲህ ሺህ አምስት መቶ ሊትር ነው። ጌጁ ደግሞ ሲሞላ መቶ አምሳ ያሳያል፤ እያንዳንዷ የጌጅ ቁጥር አሥር ሊትር ናት ማለት ነው። አሁን መርፌው ሰባ አምስት ላይ ነው። ሰባት መቶ አምሳ ሊትር ለሁለት ሲካፈል።

"ሦስት መቶ ሰባ አምስት" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ምን?" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ፍየል?"

"ደቂቃ፣ አባዬ።"

"ወደ ሰዓት ቀይሪያ።"

ስድስት ሰዓት ከሩብ። ሹፌሩ እስኪመጣ የሚያስፈልገን አምስት ሰዓት ነው። ስድስት ከአምስት ይበልጣል፤ የምልክቱ አፍ ወደ እኛ ተከፍቷል። ካርቶኑን ደረቴ ላይ አድርጌ ትንሽ ተቀመጥኩ። አባዬ አላመሰገነኝም። ከእሱ ዝምታ ራሱ ማርክ ነው።

አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ የካዛንቺስ እድርተኞች ከች አሉ። አንዱ ከየካ አባዶ፣ አንዱ ከኮዬ፣ ሌላው ከገላን ተጠራርተው፣ ሚኒባስ ተኮናትረው ቲቸርን ሊጠይቁ። ብርቱካን፣ የታሸገ ውሃ፣ ማልት ይዘዋል። ቤቱ ጢም አለ። የአባዬ ፊት ሲበራ አየሁና እኔም ደስ አለኝ፤ ከፈረሰው ሰፈር የተረፈው ይኸው ሰው ነው።

ከመካከላቸው ግድግዳ የምንጋራቸው የነበሩ አሮጊት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ካዛንቺስ እያለን እሳቸው ቤት ገብቶ በአንድ ዙር በልቶ የወጣ ሰው የለም። "በሞቴ" ይላሉ፣ "ይህችን ብቻ" ይላሉ፤ ሰሃንሽን በእጅሽ ብትከልዪው በጣቶችሽ መሃል ያፈሱልሻል። እኛ ጋ በቃኝ ያለ ሰው ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ አልበቃውም። እትዬ ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ምነው ሁለት ላይ ቆመ? እስከ አሥራ አምስት ይላል እኮ።"

"ሐኪሟ ናት ያለችው፣ እትዬ። ከሁለት አይለፍ ብላለች።"

"ሰውዬው እያለከለከ?" አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ።

ስቄ አለፍኳቸው። ሻይ ልጥድ ኩሽና ገባሁ፤ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ፤ ወረፋው ከአንድ ሰዓት በላይ ያዘኝ፤ ስመለስ ደረጃው ላይ ሹፌሩ ደወለ። በጊዜ ወጥቶ ወሎ ሰፈር ደርሷል፤ ግን መስቀል አደባባይ ሰልፍ ስላለ መንገዱ ተዘግቷል፤ ሲከፈት ይመጣል። መቼ ነው የሚከፈተው ስለው እኔ ምን አውቄ አለኝ። እዚያው ደረጃ ላይ ተጨቃጨቅን። ከክፍሉ ውስጥ ሳቅ ይሰማኛል፤ ሳቅ ካለ ደህና ነው ብዬ ሻዩን መቅዳት ጀመርኩ።

ትሪውን ይዤ ስገባ ሁሉም ፊታቸው ፈክቷል። የአባዬ ጣት ላይ ያለችው መለኪያ ዘጠና ሰባት ትላለች። "ይኸው ዘጠና ሰባት" አለ አንደኛው፤ "ቲቸር ከክፍሉ አንደኛ ወጣ።" ለአፍታ እኔም ደስ አለኝ። ምን ይደረግ፣ ያደግነው በማርክ ነው፤ ቁጥር ከፍ ሲል የማይደሰት ማን አለ። ከዚያ ዓይኔ ከራስጌው የለጠፍኩት ወረቀት ላይ አረፈ። ኳሷን አየሁ። አምስት ላይ ናት። አባዬን አየሁት። አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሏል።

"አባዬ" አልኩት። ዝም። ትከሻውን ነቀነቅኩት። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ የማያውቃትን ሴት እንደሚያይ አየኝና መልሶ ጨፈነ። ትሪውን የት እንዳስቀመጥኩት ዛሬም አላስታውስም።

"ማነው የነካው?"

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "እኔ ነኝ" አሉ። "ሲያለከልክ አላስችል አለኝ። ትንሽ ብጨምርለት ምን አለበት ብዬ… ወዲያው እኮ ቀለለው፣ እንቅልፍም ወሰደው።"

"ወጥ መሰለዎት እንዴ?" ጮህኩባቸው። በእናቴ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። "በጭልፋ የሚጨመር መሰለዎት?"

ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። "ወደ ሁለት መልሺው። እንዳትዘጊው ግን፤ በአንዴ መዝጋት የባሰ ነው። በትራስ ደግፈሽ ቀና አድርጊው። አነጋግሪው፣ እንዲመልስልሽ አድርጊ። ቁጥሩ ወርዶም ካልነቃ እንደምንም ብለሽ አምጪው።" መንገዱ ተዘግቷል አልኳት። "የአምቡላንሱን ነገር እኔ ልሞክር፤ አንቺ ማነጋገርሽን እንዳታቆሚ" አለችኝ።

ኳሷን ሁለት ላይ መለስኳት። ከዚያ ጌጁን አየሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ መርፌው አሥራ አምስት ላይ ነው። ለቀኑ የሰፈርኩለት አየር ሻዩ ሳይቀርብ ተጠጥቷል። በደቂቃ ሁለት የነበረው አምስት ሲሆን እንዴት እንደሚሮጥ ለማወቅ የአባቴ ልጅ መሆን አያስፈልግም። ካርቶኑን አነሳሁ። አሥራ አምስት በአሥር፣ መቶ አምሳ ሊትር። ለሁለት፣ ሰባ አምስት ደቂቃ። አንድ ሰዓት ከሩብ። እስከ ስምንት ሰዓት የቀረው ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ያውም መንገዱ ከተከፈተ። የምልክቱ አፍ ወደ ሌላው ዞረ። ኳሷን ወደ አንድ ባወርዳት አየሩ እጥፍ ይቆያል ብዬ አሰብኩ፤ እጄም ማዞሪያው ላይ ደረሰ። ሰማንያ ስምንት ከራስጌው ያየኛል። አየሩ ቢቆይ እሱ ካልቆየ ለማን ነው? እጄን መለስኩ።

ሹፌሩ ጋ ደወልኩ። "መንገዱ እንደተዘጋ ነው፣ እህቴ" ብሎ ጀመረ።

"ወንድሜ፣ አባቴ ያለው የአንድ ሰዓት ከሩብ አየር ነው" አልኩት።

ሞተሩን ሲያስነሳ ተሰማኝ። ከዚያ፣ "መስቀል ፍላወር ድረስ በውስጥ ለውስጥ እሞክራለሁ። ከዚያ ወዲያ ተቆፍሯል፤ ተሸክሜው በእግሬ እመጣለሁ። ቤቱን ግን ከዋናው መንገድ የሚያሳየኝ ሰው ይቁምልኝ" አለ።

እንግዶቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ አንዳንዶቹ አምቡላንስ ፍለጋ፣ ሌሎቹ መተንፈሻ እንድናገኝ ብለው። እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "እኔ እቆማለሁ" አሉ፤ ወደ እኔ ሳያዩ። ያ ጉልበታቸው ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ሁለቴ ያረፈ ነው። ሲወርዱ የእግራቸው ድምፅ ይፈጥን ነበር።

ሁለታችን ቀረን። አነጋግሪው አይደል የተባልኩት? አነጋገርኩት። ስለ ካዛንቺስ አወራሁለት፤ ስለ ግቢያችን ቧንቧ፣ ስለ ጎረቤታችን የስፌት መኪና፣ ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ስለሚያፈስበት ቦታ። አይመልስም። መለኪያዋ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና አራት እያለች ትወርዳለች፤ መርፌውም አብሮ ይወርዳል። አንዱ መውረዱ ደግ፣ ሌላው መውረዱ ክፉ፤ ዓይኔ ከጣቱ ወደ ጌጁ፣ ከጌጁ ወደ ጣቱ። አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ዝም። አባዬ፣ እኔ ማን ነኝ? ከንፈሩ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። የሚሞት መስሎኝ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ተቀምጦ እያለ የሄደ ስለመሰለኝ ነው። አስተማሪዬ የሌለበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ፈተና ላይ ተቀመጥኩ።

መርፌው ዜሮን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ደረጃው ላይ ከባድ እርምጃ ተሰማ። ሹፌሩ ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ገባ፤ ሸሚዙ በላብ ታጥቧል። እትዬ ከኋላው የመፍቻዎቹን ቦርሳ ይዘው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ገቡ። ሹፌሩ አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን አሰረ፤ አየሩ ሲፍ ብሎ ኳሷ ተነሳች። ሁለት ላይ አቆምኳት። መርፌው መቶ አምሳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

መለኪያዋ ዘጠና አንድ አለች። ከሰማንያ ስምንት ይበልጣል፣ ከዘጠና ሁለት ያንሳል። ሁሉም ልክ ነው። አባዬ ግን አልነቃም።

ሹፌሩ በሩ ሥር ቁጢጥ አለ። እትዬ ጥግ ላይ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። የማወራው አለቀብኝ። ሐኪሟ ግን አታቁሚ ብላለች። ካርቶኑን አነሳሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እጄ የሚይዘው ስላጣ ይመስለኛል። የአዲሱን ሲሊንደር ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለእሱ ጆሮ። መቶ አምሳ በአሥር፣ ሺህ አምስት መቶ። ሺህ አምስት መቶ ለሁለት።

"ሰባት መቶ አምሳ" አልኩ።

ከትራሱ በኩል የሆነ ድምፅ መጣ። ሳል መሰለኝ።

"ምን?"

ቀና አልኩ። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። ምላሱ ከብዶታል፤ ቃሉን ከሩቅ እየጎተተ ነው የሚያመጣው።

"ሰባት መቶ አምሳ… ምን? ፍየል?"

ያቺን ጥያቄ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሬ ስሸሻት ኖሬያለሁ። ጉንጩን በሁለት እጄ ይዤ፣ "ደቂቃ፣ አባዬ፣ ደቂቃ ነው" አልኩት፤ እንባዬ እጁ ላይ ይንጠባጠባል። እትዬ ነገሩ አልገባቸውም። "ምን አለ? ፍየል ነው የሚለው? ቃዠ እንዴ?" እያሉ ወደ አልጋው ተጠጉ። ከዚያ ኳሷን አዩ፤ እጃቸውን ወደ ኋላቸው አጣመሩ። "ሁለቷ ትበቃዋለች?" አሉኝ በቀስታ። ትበቃዋለች አልኳቸው። አላከሉበትም።

አባዬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። አየኝ፤ አሁን ያውቀኛል።

"ወደ ሰዓት ቀይሪያ" አለኝ።

እንባዬ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አደበዘዘብኝ። ተንበርክኬ ጣቶቼን አልጋው ጠርዝ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ፤ እሱ ጠበቀኝ።

"አሥራ ሁለት ተኩል" አልኩትና፣ አፉን ሳይከፍት በፊት "ሰዓት" አልኩት።